የተፈታው መከላከያ

ጋሼ ክብሩ፣ ድንጋዩ ግራ ዐይኔን ሲመታኝ የእጮኛህ ወንድም ማርቆስ እየሳቀ ነበር። እንዲያቆም በሁለት እጄ ምልክት ብሰጠው የሣር ማጨጃ ማሽኑን ነዳጅ መስጫ ይበልጥ ጨበጠው። በስልክ “አደጋ ነው” ያልከው ይኸው ነው።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጀርባህስ ተሻለህ? እኔ በሕይወት አለሁ። ሐኪሙ ግራው ከእንግዲህ አያይም ብሎኛል። ሦስቴ ደውለህ አንዴም ስላልጠየቅኸኝ ነው በደብዳቤ የምነግርህ።

ማሽኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሐይቅ ዳር ያለው የምሠራበት ሆቴል ግቢ ሣሩ ውስጥ ጠጠር ይበዛል። ስለዚህ ከሦስቱ የቤንዚን ማጨጃዎች ቀለል ያለውን፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ በናይለን ክር የሚቆርጠውን አስገዛሁ። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል ለሠራተኞቹ አሳየሁ፤ ያለ መነጽር እንዳይነኩት፣ ሰው በቀረበ ጊዜም እንዲያጠፉት አስጠነቀቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ማርቆስ ግን በሁሉም ፊት፣ “አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠሽ ክር መረጥሽ? ሹራብ ልትሠሪልን ነው?” አለኝ። ሳቁብኝ።

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ፣ እንግዶች ግቢው ቶሎ ይጽዳ ተባለ። ውሃ የጠጣው ሣር፣ ጠጠር ወደ ሰው እንዳይፈናጠር የሚይዘው መከላከያ ሥር እየተጠቀጠቀ አስቸገረ። ማርቆስ መፍቻ አስመጥቶ መከላከያውን ፈታው፤ በክሩ ቦታም የብረት ምላጭ አሰረ። “እንዴት እንደሚታጨድ ፈሪዋ ትይ!” ብሎ ማሽኑን ከአትክልተኛዋ ከአልማዝ እጅ ነጠቀ። ተው ልለው ቀረብኩ። የሆነው ሆነ። አልማዝ ያየችውን ሁሉ ለፖሊስ ተናግራለች።

ባለፈው እሑድ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ምሥራቅ ክፍለ ከተማ እቤታችን ድረስ መጡ። “ዐይናችንን ጨፍነን እንጸልይ” አሉ። የቀረኝን አንዱን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀ ወረቀት ተቀምጧል። መከላከያውን ያስፈታሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ክሱን እንደማነሣ፣ ማርቆስንም ይቅርታ እንደምጠይቅ ይላል። እስክሪብቶውን ያቀበለኝ ሽማግሌ፣ “አይዞሽ ልጄ፣ ወንድምሽም ተስማምቷል” አለኝ።

ሠርግህ እንዳይፈርስ በእኔ ዐይን ታረቅህ። የራስህን ዐይን ቢያወጣው እንዲህ ቶሎ ይቅር ትለው ነበር?

አብሮህ ለሚኖረው ለኦሊያድ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ደውሎ እንዴት ዋልሽ ያለኝ እሱ ባዕዱ ነው። ትንሿ እኅታችን ሐዳሳ ትናፍቅሃለች። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት ፊቷን አዞረች። ለእጮኛህ ለኤደን ደግሞ፣ ድንገት ሠርጉ ላይ ከተገኘሁ በግራዬ በኩል እንድትቀመጥ ንገርልኝ፤ እንዳላያት።

ወረቀቱን አልፈርምም። ክሱንም አላነሣም። “ለቤተሰብ ስትይ” የሚባለውን ነገር ከእንግዲህ ከማንም፣ ይልቁንም ካንተ፣ አልቀበልም።

እኅትህ ወንጌላዊት
ሐዋሳ፣ ምሥራቅ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.