ሁለት ፋቲሃ በአንዲት ልጅ

ኮምቦልቻ፣ ረቡዕ ከዙሁር በኋላ

ለሆጤዋ እህቴ፣ ለግድግዳ ተጋሪዬ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያንን የደም ግፊት ኪኒን በሰዓቱ እየዋጥሽ ነው ወይስ የሚቆጣኝ የለም ብለሽ ተውሽው? ልጅሽ ሀፊዝ ደህና ነው? የጓሮው ቧንቧ ውሃ መጣለት? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁና ውሸት ሆነብኝ። አካሌ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ልቤ ግን ይኸው አራት ቀኑ፣ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል።

አዎ፣ ኮምቦልቻ ነው ያልኩሽ። አዲስ አበባ አይደለሁም። ረውዳ ደውላ «የእማዬ አውሮፕላን ዘገየ» ያለችሽ እኔ በያት ብያት ነው፤ በልጅቷ አትፍረጂ። ቅዳሜ እዚህ ወርጄ ወንድሜ ዘይኑልአቢዲን ቤት ገባሁ። ከዚህ ደሴ ምን አላት? በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። በየጠዋቱ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ቆሜ ሳመነታ ሌላ ሰው ይገባበትና መኪናው ይሄዳል፣ እኔም እመለሳለሁ። የወንድሜ ሚስት ጣይባ «ምነው፣ መኪና ጠፋ?» ትለኛለች። «ጠፋ» እላታለሁ።

አሥራ ሰባት ጊዜ ደውለሻል። አላነሳሁም። ድምፄን ከሰማሽ ከመጀመሪያዋ «ሀሎ» ታውቂብኛለሽ። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ኖረን እኔ አንቺን በስልክ ልዋሽሽ? አይሆንልኝም። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብያለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትጮሂ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈቀደሽ።

ረውዳ ልጄ ቱርክ ትምህርቷን ጨርሳ አልባኒያ የሚሉት አገር ሥራ ከያዘች ዓመት አልፏታል። «እማዬ ነይ፣ ከተማውን፣ ተራራውን፣ ባሕሩን ላሳይሽ፤ ዘጠኝ ቀን ብቻ» ስትለኝ፣ እኔ ገና ሳልወስን ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ ያወረድሽው አንቺ ነሽ። «ሙሽራዬን በዓይንሽ አይተሽ ነይ፤ ከአረፋ በኋላ ሰርግ ነው፣ ቀኑን ቆርጣችሁ ነይልኝ» አልሽኝ። በርበሬውን በሁለት ላስቲክ አሰርሽ። ያንን አረንጓዴ ሻሽ ለሀፊዝ ሙሽራ ብለሽ ከላይ አስቀመጥሽ። እኔም ቀን ቆርጬ ልመጣ ነው የሄድኩት፤ ኒያዬ ያ ነበር።

ዋና ከተማቸው ቲራና የደረስኩ ቀን ሻሹን ሰጠኋት። አሸተተችውና «የአክስቴ ቤት ይሸታል» አለች። ከዚያ አጥፋ የኔው ሻንጣ ውስጥ መለሰችው። ምን ማለት ነው አሁን ይሄ? ቀን የመቁረጡን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «እሱን እንደርስበታለን፣ መጀመሪያ አገር እይ» ትለኛለች።

አገር አሳየችኝ፣ አልዋሽሽም። ትልቁ አደባባይ ዳር አንድ የድሮ መስጊድ አለ፤ ግድግዳው ላይ ዛፍና ፏፏቴ ተስሎበታል። ሁለት ረከዓ ሰገድኩበት። ከከተማ ስትወጪ ደግሞ በየሜዳው የተደፋ ድስት የሚመስል የሲሚንቶ ነገር ታያለሽ። «ይሄ ምንድነው?» ስላት «ምሽግ ነው፤ ድሮ ጦርነት ይመጣል ብለው የሠሩት፤ አልመጣም» አለችኝ። ኧረ ይገርማል! እነሱ ምሽጉን ሠርተው ጦርነቱ ቀረ፤ እኛ ጦርነቱ ሲመጣብን ያለን ያንቺ ዕቃ ቤት ብቻ ነበር።

የሚነዳን ኢሊር የሚባል ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮ ብቻ። ተከራይታ ያመጣችው ሾፌር ነው ብዬ ዕቃ አሸከምኩት፣ መስኮት አስዘጋሁት፣ መልሼ አስከፈትኩት። ሲጋራ ሲያወጣ «ወዲያልኝ!» ብዬ አስጣልኩት። እሱ ሁሉንም እሺ ነው። በሦስተኛው ቀን ቴት ወደሚሉት የሰሜን መንደር ወሰደን። መንገዱን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? የሐረጎን ዳገት አስቢና ስፋቱን በግማሽ ቀንሺው። ታቹ ገደል፣ ላዩ በረዶ። የማውቃትን ሱራ ሁሉ ቀራሁ። ሲብስብኝ «ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት። ዞር እንኳ ሳይል «አይዞሽ እማ» አለኝ። በአማርኛ! ረውዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ ነው የምታይ። የኪራይ ሾፌር «አይዞሽ እማ» ማለትን ከየት ይማራል እህቴ? አልጠየቅኩም። ብጠይቅ መልስ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ቤራት ገባን። መስኮት በመስኮት የሆነ ነጭ ቤት ተራራው ላይ ተደርድሯል፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ይተያያሉ። «ይሄማ ወሎ ነው!» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅኩ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ስንወጣ ድንጋዩ ያንሸራትታልና ረውዳ ክንዴን ያዘችኝ። ያኔ ተናገረች። «እማዬ፣ ሀፊዝ ደግ ሰው ነው፤ አንድ ነገር አይወጣለትም። ግን ስልክ ላይ ድምፁን ስሰማ ያ ዕቃ ቤት ይመጣብኛል። የጤፉ ጆንያ፣ ጨለማው፣ አንቺ አፌን በመዳፍሽ ይዘሽ» አለችኝ።

ለማን ነው የምነግረው፣ አንቺው አብረሽን ነበርሽ። ደሴ የተጨነቀች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ያንቺ ዕቃ ቤት ውስጥ ስንደበቅ፣ ሀፊዝ በሩ ላይ ቆሞ «ከኔ በቀር ሰው የለም» እያለ በሰደፍ ሲደበደብ፣ ወለም ዘለም ሳይል። ልጄን ያተረፈልኝ ልጅሽ ነው። ይሄን ስረሳ አላህ ይርሳኝ። ያንን ውለታ በምን እንመልሰው ብለን አይደል ነገሩ ሲበርድ ሳሎንሽ ውስጥ ለሀፊዝ አጭተናት ፋቲሃ ያስቀራነው? ግን ረውዳን ማን ጠየቃት? እኔ አልጠየቅኋትም። አንቺም አልጠየቅሻትም። አጎንብሳ ሻይ እየቀዳች ነበር።

«ዝም በይ!» አልኳት። «ያዳነሽን ሰው!» አልኳት፤ ፈረንጁ ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። «ያዳነኝ እሱ ነው፤ ግን ባየሁት ቁጥር ገና ያልዳንኩ ይመስለኛል» አለች። ክንዴን አስለቅቄ ብቻዬን ወረድኩ። እነዚያን ሁሉ መስኮቶች እያየሁ አንቺን ነው ያሰብኩ።

በአምስተኛው ቀን ጣሪያው ሁሉ ድንጋይ የሆነ ጂሮካስተር የሚባል ከተማ አደርን። እስከዚያ ድረስ ሥጋ በአፌ አልዞረም። ማን እንዳረደው አላውቅማ! ስማቸው ሐሰን፣ ኢብራሂም ነው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ግን አረቄ አለ። ድሮ የነበረ መንግሥት መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ከሃያ ዓመት በላይ ዘግቶባቸው፣ ለብዙው ሰው የቀረለት ስሙ ብቻ ነው አሉኝ። ጎመንና አይብ በስስ ሊጥ ጠቅልለው የሚጋግሩት ነገር አላቸው፤ በሱ ነበር የምኖረው።

በስድስተኛው ቀን ከጂሮካስተር በላይ ያለ መንደር ምሳ ተጋብዘናል አለችኝ። «ማን ቤት?» ስላት «የኢሊር አባትና እናት ቤት» አለች። የሾፌር ቤተሰብ እንግዳ ይወዳል ብዬ ሄድኩ። ለወንድሜ የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው።

ግቢው ውስጥ አንድ በግ ታስሯል። አጠገቡ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል። የኢሊር አባት ደረቱን ይዞ ተናገረ፣ ረውዳ ተረጎመችልኝ። «እንግዳችን ሥጋ አትበላም ሲሉን ለምን እንደሆነ ገባን። እኛ ቤት ቢስሚላህ የሚል ሰው ከአባቴ ጋር ተቀብሯል። ስለዚህ ከታችኛው መንደር ሼኩን፣ ሆጃውን ለምነን አስመጣን» አለ። እህቴ፣ ቆሜ አለቀስኩ። እኛ አገር ክርስቲያን ጎረቤት ሰርግ ሲጠራን እስላም አራጅ ፈልጎ፣ ድስቱን ለብቻ አስጥዶ እንደሚጠብቀን ማን ነገራቸው?

ሥጋው እስኪበስል ረውዳ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ የመከራ ወር ወዲህ ልጄ እንዴት እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ በር ሲጋጭ ጠረጴዛ ሥር የምትገባ፣ የሰው ሰርግ ላይ ርችት ሲፈነዳ ጫማዋን ጥላ የሮጠች። ነፋስ መጣና የግቢውን የብረት በር ከግንቡ አላተመው። እኔ ዘለልኩ። እሷ አልነቃችም። ጎኗን ቀየረችና ተኛች። ኢሊር በጣቱ ጫፍ ሄዶ በሩ ሥር ድንጋይ አስደገፈበት፤ እንዳይደግም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን ስቆጥር ምሳ ደረሰ።

ከምሳ በኋላ ሆጃው እጃቸውን አነሱና ፋቲሃ ጀመሩ። ፋቲሃ እየተቀራ እጁን የሚሰበስብ ሰው አለ? አነሳሁ። ከዚያ አባትየው ወደ እኔ ዞሮ ኢሊርንና ረውዳን እያፈራረቀ እያየ ብዙ ተናገረ። ረውዳ ልትተረጉም አፏን ከፈተችና አቃታት። «እማዬ፣ ዱዓ አድርጊ ነው የሚሉሽ» አለችኝ፣ በቃ። የቀረውን አልነገረችኝም፤ ይሄ ሐቅ ነው። ዱዓ አደረግሁ። በአማርኛ፣ እንደ አገሬ፣ ረዘም አድርጌ። ከረውዳ በቀር የሚሰማኝ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ባረፍኩ ቁጥር «አሚን» ይሉልኛል። ስጨርስ ረውዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች። የኢሊር እናት ተነሥታ ነጭ የሱፍ ነጠላ አመጣችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ልጄ አላወረደችውም።

በማግስቱ ሳራንዳ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወሰዱኝ። ውሃው ሰማያዊ፣ ማዶ የግሪክ ደሴት ይታያል፤ ሰዉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይሥቃል። እኔ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ያንቺ ስም ሲበራ ሲጠፋ አያለሁ። ረውዳ «ለአክስቴ እኔው ልንገራት» አለችኝ። «አንቺ አትችይም፣ እኔ ነኝ» አልኳት። በመመለሻችን ሎጋራ የሚሉትን ዳገት ስንወጣ ባሕሩ ሁሉ ከታች ተዘረጋ። ሰው መኪና አቁሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ፣ ሀፊዝ በሩን ሲከፍትልኝ ዓይኔን የት አደርገዋለሁ እያልኩ ከመኪናው አልወረድኩም።

ዘይኑልአቢዲን ነገሩን የሰማ ቀን መጀመሪያ ጮኸ። ከዚያ ቁጭ አለና እንደ ዳኛ ጠየቀኝ። «ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ?» አለ። አላውቅም አልኩ። «ልጅሽን ሊጠይቁ እንደጠሩሽ ማን ነገረሽ?» አለ። በአፉ የነገረኝ የለም አልኩ። «በዱዓሽ ምን አልሽ?» አለ። ሰው ምን ይላል፣ ሰላም ሁኑ ነዋ አልኩ። «በቃ!» አለ፣ ጉልበቱን መታ። ያላወቀ ሰው ዱዓ ማንንም አያስርም አለ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዘን ደሴ እንወጣለን፣ ባንቺ ፊት ቁርኣን ነክቼ «አላወቅኩም» እላለሁ፣ የመጀመሪያው ፋቲሃ ይጸናል፣ ልጅቱም እሺ ብላ ትመጣለች። ሲናገረው ቀላል ነው። ጣይባ ጭራሽ ሣቀች፤ «አንቺ በሽንኩርት ክርክር መቶ ጊዜ ወላሂ የምትይ ሴት፣ አንዲት መሐላ ምን አላት?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንዲት መሐላ ናት። ከዚያ በኋላ አንቺ ትስቂያለሽ፤ «ፈረንጅ ምስኪኗን አታለላት!» እያልሽ ለሆጤ ሰፈር ሁሉ ታወሪልኛለሽ። ሀፊዝም ለሷ ብሎ ቀለም የቀባው ክፍል ባዶ አይቀርም። እኔም አንቺን አላጣም። ረውዳም ትመጣለች፤ እሺ ባይ ልጅ ናት፣ አጎንብሳ ሻይ ትቀዳለች። ይሄን እያሰብኩ ሦስት ቀን እህል አልዋጥ አለኝ።

አርብ እመጣለሁ። ከወንድሜ ቀድሜ፣ ብቻዬን፣ በጠዋቱ መኪና። ከከፈትሽልኝ እገባለሁ። ካልከፈትሽልኝ ደጃፍሽ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ መንደሩ ይየኝ። የፈለግሽውን በይኝ፣ ይገባኛል። ሀፊዝ እግር ሥር እወድቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ለምኜሽ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ መጥተው «ቁርኣን ይምጣ» ሲሉ፣ አንቺ የቤቱ ባለቤት ነሽና «አያስፈልግም» በያቸው። አታስምዪኝ እህቴ። በዚያ ዱዓ ያልኩትን ረውዳ ሰምታዋለች፣ አላህም ሰምቶታል፤ ሌላውን ሁሉ አድርጊኝ፣ አታስምዪኝ።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ቤትሽን አማን ያድርገው። ለሀፊዝም ድምፁን ስትሰማ ደስ የሚላት ሚስት ይስጠው፣ አሚን። አፉ በይኝ።

እህትሽ