ያልበሰለ ኩስ

ለታላቅ ወንድሜ፣

አስቀድሜ ያንተን፣ የባለቤትህንና የልጆችህን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ባልሆንማ ይህን ያህል የምቆጣበት አቅም ከየት ይመጣ ነበር?

አንጀቴ አርሯል ጋሼ። በስድስት ዓመት አንዴ፣ ለሦስት ቀን መጣህ። ከእማዬ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለህ እጇን በመያዝ ፋንታ እጅጌህን ሰብስበህ ጓሮ ገባህ። የሽንኩርት ልጣጩን፣ የእንቁላል ቅርፊቱን፣ ደረቅ ቅጠሉን አምስት ወር ሙሉ እያገላበጥኩ ያበሰልኩት ብስባሽ በርሜሉ ውስጥ ነበር። አንተ ግን "ይሄማ አፈር ነው፣ ምን ጉልበት አለው!" ብለህ ከዶሮ አርቢው ጎረቤታችን ሁለት ጆንያ ትኩስ ኩስ አስጭነህ መጣህ። ካልበሰለ ሥር ያቃጥላል ብልህ፣ "እኔን ልታስተምሪኝ ነው?" አልከኝ። ካንተ በላይ አዋቂ ላሳር! ኩሱን ቲማቲሙና ቃሪያው ሥር ደፋኸው፤ አመድም ደረብክበት፤ ሽታው ዓይን ያስለቅስ ነበር።

በሄድክ በሳምንቱ ቲማቲሙም ቃሪያውም አንድ ሳይቀር ደረቀ።

እማዬ ዓይኗ ደክሟልና፣ ከሄድክ ወዲህ በየማለዳው "የልጄ ቲማቲም አፈራ?" ትለኛለች። ገመናህን ልሸፍን ብዬ ከገበያ ገዝቼ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ዳበሰችው፤ አሸተተችው። "ይሄ የኛ አይደለም። ጓሮውን ምን አደረገው?" አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች! ስንት ወር ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ። "አትቆጪው፤ እኔን ማየት ቢያቅተው ነው ጓሮ የገባው" አለች። ስድስት ዓመት ገላዋን የማጥብ፣ የማጎርሳት እኔ፤ የምታዝነው ላንተ! ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ስመለስ መላውን ነገረችኝ። ከላይ የቀረውን ኩስ እንድጠርግ፣ መደቡን ደጋግሜ ውሃ እንዳጠጣው፣ ደረቅ ቅጠልና ገለባ አስገብቼ ሁለት ወር እንዳሳርፈው። "ከዚያ ጎመን ይሆናል። ጎመን ኩስ ይወዳል፣ ከበሰለለት። እሱ ራሱ መጥቶ ይትከለው" አለች።

ጠርጌዋለሁ፤ አጠጥቼዋለሁም። ትናንት ሐኪሙ መጥቶ አይቷታል። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ያለኝን ለእሷ አልነገርኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም። አንተ ግን ሁለቱን ወር አትጠብቅ።

ልጆችህን ያሳድግልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ። የቀረውን ስድብ ፊት ለፊት እጨርስልሃለሁ።

ታናሽ እህትህ