በቤቴ የሚኖረውን አይኖርም ብዬ ስለፈረምኩት ወረቀት

ለተከበሩ የመኪና ኢንሹራንሳችን የደንበኞች ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ጃንዋሪ 2022

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? ስንት እንደሆኑ አልጠይቅም፤ እኛ ዘንድ የሰው ቤት ሰው አይቆጠርም። እኔ ጁነዲን የሱፍ፣ የብሌንደን ታውንሺፕ ነዋሪና የስድስት ዓመት ደንበኛዎ፣ ላደረጉልኝ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

1ኛ. ስለ አስተርጓሚዋ አመሰግናለሁ። በነሐሴ ውላችንን ስናድስ በስልክ ያገናኙን ትሑት ሴት «ቤት ውስጥ ስንት ቤተሰብ አለ?» ብትለኝ «እኔና ባለቤቴ ኸይሪያ፣ ሁለት ነን» አልኳት። ምድር ቤታችን ውስጥ ኡበይዳ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ ባለፈው ሰኔ በዲቪ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረው እኛ ዘንድ አረፈ። ኡበይዳ ግን እንግዳ ነው፤ ቤተሰብ ስትለኝ እንግዳ ትዝ አላለኝም። የእናንተ ጥያቄ ከጣሪያው ሥር የሚያድረውን ሁሉ እንደሚጨምር የተረዳሁት ከሦስት ወር በኋላ፣ ልጁ መታወቂያ ሲያወጣ የሰጠውን አድራሻ አይታችሁ «ሰው ደብቀሃል» የሚል ደብዳቤ ስትልኩልኝ ነው። የደበቅኩት ሰው መንጃ ፈቃድ አልነበረውም፤ የመኪናችንን ቁልፍም ነክቶ አያውቅም።

2ኛ. የኸይሪያ ስም ከእኔ ጋር ስላልገጠመ ተከራይ ትሆን እንደሆነ ስለጠየቁኝም አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው፤ እኔ ባሏ እንጂ አባቷ አይደለሁም።

3ኛ. እንግዳው የሚሄድበትን ቀን እንድሞላ ባዶ መስመር አስምረው ልከውልኛል። አበው «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም መዳብ» ቢሉም፣ በሆዳቸው ነው እንጂ ሰውየውን መቼ ትሄዳለህ አይሉትም። መስመሩን ባዶውን መለስኩት።

4ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ምርጫ ስለሰጡኝ ነው። ወይ ኡበይዳን በሹፌርነት አስመዝግቤ እጥፍ ልክፈል፣ ወይ እኔ ቤት እንደማይኖር ልፈርም፣ አለዚያ ውሉ በአሥር ቀን ይቋረጥ። ኸይሪያ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አላት፤ የማደርሳት በዚያች መኪና ነው። አንድ ቀን ብትቀር ምን እንደሚከተል ሐኪሟ ነግሮኛል። እጥፉንም የምከፍልበት አቅም የለኝም። ስለዚህ ኡበይዳ ከወለሉ ሥር ተኝቶ ሳለ፣ እኔ ከላይ ጠረጴዛ ላይ አይኖርም ብዬ ፈረምኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ደብዳቤዎቻችንን የሚያነብልን እሱ ነበርና የፈረምኩትንም ወረቀት አነበበው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ክፍሉ ተጠርጓል፣ አንሶላው ታጥፏል፣ ከላዩ ይህን ጽሑፍ አገኘሁ፦ «ጋሼ ጁነዲን፣ በእኔ ምክንያት ውሸታም እንዳይባሉ ብዬ ነው። ግሮቭፖርት፣ ከምሠራበት መጋዘን ከዌርሃውሱ አካባቢ ሩም አግኝቻለሁ፣ አያስቡ። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ።»

ልጁ ውሸቴን እውነት ሊያደርግልኝ ወጣ። ኸይሪያ «አባረርከው?» አለችኝ። አላባረርኩትም አልኳት፤ እስከ ዛሬ አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላመንኩትም።

ከቤቴ አንድ ሰው ቀንሼ መዝገብዎን ያቃናሁ፣ ለአሥር ቀን ቀጠሮዎ ሁለት ቀን ሲቀረው የታዘዝኩ፣ የውለታዎ ባለዕዳ፣
ጁነዲን የሱፍ

ሳልዘነጋው፦ አብሮት የሚሠራው ጎሳዬ እንደነገረኝ፣ ኡበይዳ አገኘሁ ያለው ሩም ከዌርሃውሱ ፓርኪንግ የቆመች አሮጌ መኪና ናት። ባጠራቀማት ገንዘብ ገዝቷታል፤ እስካሁን አልነዳትም፣ በዚህ በረዶ ይተኛባታል። በዚህ ሳምንት መንጃ ፈቃድ ስላወጣ ኢንሹራንስ ሊገዛ ይደውልልዎታል። እባክዎ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል ብለው አይጠይቁት። መኪናው ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል ይበሉት፤ አይደብቅዎትም።