የእናትዎ ስም ማን ነበር?

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለበሱፍቃድ ገብረጊዮርጊስ፣
ጋምቤላ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? መርሃዊት ወገቧን ተሻላት? የአብስራ ትምህርት ጀመረች? ትንሹ ቃለሕይወትስ መራመድ ጀመረ ወይስ አሁንም እየዳኸ ነው ቤቱን የሚያተራምሰው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ጥቅምት ገብቶ ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከልደታ ላይ ሳይነሳ ባቡሩ ሲያልፍ ድምፁ ብቻ ይሰማኛል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ለብቻው የሚያንጎራጉር ይመስለኛል። ያኔ አንተ ትዝ ትለኛለህ።

ይህን በደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስንደዋወል አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለሚያዳምጡ «ደህና ነን፣ አዲስ ነገር የለም» ብዬ እዘጋዋለሁ። አዲስ ነገር ግን አለ። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ሞቱማ ለሥራ ወደ እናንተ እንደሚወርድ ሲነግረኝ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንደምናወራ አድርጌ ሁሉንም ልጽፍልህ ተነሳሁ።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤቴ ስወጣ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በሩ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። «ናዝሬት፣ በይ እንሂድ እንጂ! ሰው ቤት እንዲህ አይከረምም» አሉኝ። የት እንደምንሄድ ብጠይቃቸው «ቤታችን ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ። የቀለዱ መስሎኝ አብሬያቸው ሳቅኩ። በማግስቱም ካፖርቱን ለበሱ። ቀስ እያልኩ ሳወጣጣቸው፣ ቤታችን የሚሉት ከዋርካው ዝቅ ብሎ የነበረውን፣ አንተም እኔም የተወለድንበትን ቤት ነው። ያ ቤት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ይሄ አሁን የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የቆመው እዚያው አፈር ላይ አይደል? በረንዳ ላይ አውጥቼ «ይኸው አባባ፣ ያ መኪና የቆመበት እኮ ነው» ስላቸው ወደ ታች አዩና፣ እንደማላውቀው ሰው በትሕትና «ተሳስተሽ ይሆናል» አሉኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የመርሳት ሕመም እንደጀመራቸው ነገረችኝ። እንዳልከራከራቸው፣ የድሮ ፎቶ ካለ እንዳሳያቸው፣ ስለ ድሮው እንዲያወሩ መከረችኝ። ስንመለስ በፍርድ ቤቱ በኩል አለፍን። ጠበቆች ጥቁር ካባቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ይጣደፋሉ፤ በሕልም እንደሚታይ ሰው ድምፅ የሌላቸው መሰሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ችሎት በር ላይ ቆመው የባለጉዳይ ስም ሲጠሩ የኖሩት አባባ ደግሞ እጄን ይዘው፣ ለሚያልፈው ሁሉ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ።

ፎቶ ሲባል ታስታውሳለህ አይደል? ሰፈሩ ለልማት ሊነሳ ሲል አንተ ዩኒቨርሲቲ ነበርክ። አባባ ካሜራ ተውሰው ቤቱን ከጓዳ እስከ አጥር ፎቶ አነሱት። እማዬ በየክፍሉ በር ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች ትቆም ነበር። በወረቀት የነበሩት ሌሎቹ ፎቶዎቻችን ዕቃ ስናግዝ ዝናብ ገብቶባቸው ተበላሹ። የቤቱን ፎቶዎች ግን የሥራ ባልደረባቸው በአባባ ኢሜይል ውስጥ አስቀመጠላቸው። እማዬ ካረፈች በኋላ እሷን ማየት ሲያምራቸው ከስልካቸው ከፍተው ያዩ ነበር። በቅርቡ ስልኩ ከኪሳቸው ባልዲ ውስጥ ገባና ተበላሸ። አዲስ ስገዛላቸው ኢሜይሉ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ያንን ማን ያስታውሰዋል? «ረስቻለሁ» ስንለው ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይዞ ቀረበ። አካውንቱ ሲከፈት የግድ የሚሞሉ ናቸው አሉ፤ እንቢ ማለት አይቻልም።

ከሕንጻችን ሥር ስልክ የምትጠግን ሶሲ የምትባል ሴት አለች። ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። የመጀመሪያው «እናትዎ ከማግባታቸው በፊት ስማቸው ማን ነበር?» የሚል ነው። አባባ ግራ ገባቸው። «እናቴ ባል ስታገባ ስሟ የት ይሄዳል? ወለተሰንበት ተብላ አደገች፣ ወለተሰንበት ተብላ አገባች፣ ወለተሰንበት ተብላ ተቀበረች» አሏት። ሁለተኛው ያደጉበትን መንገድ ስም ይጠይቃል። «ደግሞ መንገድ ስም ነበረው እንዴ? ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ ከዋርካው ዝቅ ብሎ ካልሽ ማንም ያደርስሻል» አሉ። ሶሲ እየሳቀች፣ ይሄ ሁሉ እንደማይገባና አጭር ስም ብቻ እንደሚፈለግ አስረዳቻቸው። ሦስተኛው የልጅነት የቅርብ ጓደኛ ነው። «ደገፋ!» አሉ ሳያመነቱ።

እንግዲህ መልሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። አያታችንን ስንት ዓይነት አድርገን እንደጻፍናት ብታይ! አያይዘን፣ ለያይተን፣ በአንድ ቲ፣ በሁለት ቲ፣ አንዴ በኤን፣ አንዴ በኤም። ደገፋንም እንዲሁ። የቱ እንደተሳሳተ እንኳ አይናገርም። ብቻ «መልስዎ ትክክል አይደለም፤ ለደህንነትዎ ሲባል ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። አባባ በመጨረሻ ተቆጡ። «ደህንነቴን የሚጠብቀው ከማን ነው? ከራሴ? እኔ ስንቱን ሰው ስሙን ጠይቄ፣ ሲነግረኝ አምኜ ነው ያስገባሁት!» አሉ። ሶሲ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

እኔን እልህ ያዘኝ። ሥራ ቦታም፣ ታክሲ ውስጥም እሞክራለሁ። ደጋግሜ በሕልሜ እማዬን አያታለሁ። ከመስታወት ወዲያ በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች «ማን ልበል?» ትለኛለች። ስሜን ስነግራት ፈገግ ትላለች እንጂ አትከፍትልኝም።

አንድ ቅዳሜ አባባ ራሳቸው «ለምን ደገፋን አንጠይቀውም?» አሉ። ሰፈሩ ሲበተን ጋሽ ደገፋ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ገብተው የብረት በርና መስኮት እንደሚበይዱ ሰምቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከአባባ ጋር አልተገናኙም። በጠባቡ መንገድ እየጠየቅን ሄደን አገኘናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ገብሬ?» አሉ። የአባባን ፊት አየሁት፤ አላወቋቸውም።

ጋሽ ደገፋ ትንሽ ቆም ብለው አዩአቸው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተደገፉት አሮጌ ጎማዎች አንዱን አነሱና ወደ አባባ አንከባለሉት። ጎማው እየተወላገደ መጣ። አባባ እግራቸውን ዘርግተው አቆሙትና «ጎማው!» ብለው ጮኹ። «አንተ ጎማው! አለህ እንዴ?» ተቃቀፉ። የአባባ ባርኔጣ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

ለካ ጋሽ ደገፋን በልጅነታቸው ደገፋ ብሎ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም! ስልኬን አውጥቼ «ጎማው» ብዬ ጻፍኩ። ያደጉበትን መንገድ ስጠይቃቸው ጋሽ ደገፋ «ቁልቁለቱ ነበር የምንለው፤ ጎማ የምንነዳበት» አሉ። እሱንም ጻፍኩ። የቀረችው አያታችን ናት። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ግን ሐኪሟ እንደመከረችኝ አባባ ራሳቸው እንዲሉት ፈለግሁና «አባባ፣ የእናትዎ ስም ማን ነበር?» አልኳቸው።

ወንድምዓለም፣ ያንን ሰዓት እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣም። እኔን አዩኝ። ጋሽ ደገፋን አዩ። መሬቱን አዩ። «እናቴ...» አሉ። «እናቴ ስሟ ማን ነበር?» ጋሽ ደገፋ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳርፈው፣ እንደ ምሥጢር ዝቅ ባለ ድምፅ «ወለተሰንበት» አሏቸው። «እትዬ ወለተሰንበት። እናቴ ስትታመም ካንተ ጋር በአንድ ሳህን ያበላችኝ።»

አባባ ቀና አሉ። ከዚያ ችሎት በር ላይ ሆነው በሚጠሩበት በዚያ ድምፃቸው፣ «ወለተሰንበት!» ብለው ተጣሩ። ደገሙት። ሠራተኞቹ ብየዳውን አቁመው ዞሩ። የብረቱ ፍንጣሪ ጠፋ። አባባ በሩን አሻግረው ያያሉ። ወንድሜ፣ እኔም ዞሬ አየሁ። ትገባ ይሆን ብዬ።

ስሟን ጻፍኩና ላክሁት። ትንሽ አሰበና፣ አልተቀበለም። በተደጋጋሚ በመሳሳታችን አካውንቱ ለዘለቄታው እንደተዘጋ ነገረን። የቱን እንደተሳሳትን እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አንዲት ፊደል ናት። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። የእማዬ ፎቶዎች፣ ጓዳው፣ አጥሩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ቀሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን አላዩኝም። በርጩማ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁልቁለቱን እየወረዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደገፋ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። አባባን ደግፈው ከደረጃው ያወርዷቸውና፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ሁለቱ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። «ሳሎኑ እዚህ ነበር።» «የለም፣ እሱ ጓዳው ነው። ሳሎኑ ወደዚህ ይገባል።» ይከራከራሉ፤ ይስማማሉ። አንድ ቀን ጎረቤታችን መኪናውን ሊያቆም ሲል አባባ «ልጄ፣ አልጋው ላይ ወጣህብን» አሉት። ሰውየው መኪናውን ወደ ኋላ መለሰላቸው። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ሳያቸው፣ ግድግዳው ከአስፋልቱ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነሳ ይመስለኛል። እማዬ የምትቆምበትን በር እንኳ ልለየው ምንም አይቀረኝም።

አባባ አሁን ጠዋት ካፖርት አይለብሱም። እንሂድም አይሉም። ድነዋል ማለቴ ግን አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ስሜ ይጠፋቸዋል፤ «አንቺ ደግ ልጅ» ይሉኛል። ያለፈው እሑድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ በረታና ላስገባቸው ወረድኩ። ጋሽ ደገፋ ሊሰናበቱ ቆመዋል። «አባባ፣ በረደ፤ እንግባ» አልኳቸው። አባባ መኪኖቹ መሃል ቆመው፣ ቤቱ ደኅና እንደሆነለት ሰው ፈገግ ብለው አዩኝ።

«እኔማ ገብቻለሁ» አሉ። «በሩን ግን እንዳትዘጊው። በሱፍቃድ ገና አልመጣም።»

ወንድምዓለም፣ ለገና ና።

መርሃዊትን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ወገቧን ከባድ ነገር እንዳታሸክመው። የአብስራን አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። የቃለሕይወትን ሁለቱንም ጉንጮች ሳምልኝ። ጋሽ ደገፋ «ጎማው ሰላም ብሎሃል በይልኝ» ብለዋል። አባባ ደግሞ ለማን እንደምጽፍ ጠይቀውኝ ስነግራቸው «ካፖርት ይልበስ በይው፤ ብርድ ነው» ብለዋል።

እህትህ ናዝሬት
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት ፲፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.