አበራ ክፍሉን የለቀቀበት ሳምንት

ሰኞ

እጄን አወጣሁ። ኮሚቴው ውስጥ ያለን አምስታችንም አወጣን። ሰብሳቢያችን ዶክተር ሰለሞን ዞር ዞር ብሎ አየንና «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በፊት ስለ ቅዳሜው የማኅበራችን በዓል ምግብ አርባ ደቂቃ ተከራክረን ነበር።

የወሰንነው ይህን ነው። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ጋሉስ ሰፈር ያለውን የተማሪ ማኅበራችንን ቤት እናሳድሳለን። ጣሪያውን፣ መስኮቶቹን፣ ማሞቂያውን፣ ሃይዙንጉን። በምትኩ ተማሪ ያልሆነ ሰው እዚያ አይኖርም። እዚያ ያለ ተማሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አበራ።

አበራ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው፣ ጣሪያ ሥር ባለችው ክፍል ይኖራል። ቧንቧ ይጠግናል፣ ደረጃ ይጠርጋል፣ ቆሻሻ ያወጣል።

«እሱስ የቀድሞ ተማሪ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ዲፕሎም የለውም» አለ ሰለሞን። «በደንባችን አባል አይባልም። የኪራይ ውል፣ ሚትፈርትራግም የለውም፣ ነገሩ ቀላል ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጓደኛው አንተ ነህ። አንተ ብትነግረው ይሻላል።»

እሺ አልኩ።

ዲፕሎም የሌለው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ተማሪ ሳለን በዕዳ ቤቱን ልንነጠቅ ስንል የመጨረሻ ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ሊጭን ገባ። በደመወዙ ቤቱን ያቆየልን እሱ ነው። እኛ ፈተናችንን ተፈተንን። ይህን ስብሰባው ላይ ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁም።

ማክሰኞ

በትራም ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ አጠናሁ። «አበራ፣ እስቲ ቁጭ በል።» ከዚያ በኋላ ያለውን ማጥናት አቃተኝ።

በሩን ስከፍት የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። አበራ መሰላል ላይ ወጥቶ የደረጃውን ግድግዳ ነጭ ይቀባል። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

«ለቅዳሜ ነው» አለኝ። «ሰዎቹ ሲመጡ ቤቱ ቤት ይምሰል። በተረፈው ደግሞ የራሴን ክፍል እቀባለሁ። መሰላሉን ያዝልኝማ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ መሰላሉን ያዝኩለት። እሱ ከላይ ሆኖ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። እኔ ከታች «አይዞህ» እላለሁ። ከዚያ ተሰናብቼው ወጣሁ።

ትራም ውስጥ ሰለሞን ደወለ።

«ነገርከው?»

«አዎ።»

«እንዴት ተቀበለው?»

«ተስማምቷል።»

ሁለቱም ቃላት ሳያደናቅፉኝ ወጡ።

ረቡዕ

አልሄድኩም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ፣ ቴርሚን ነበረኝ። ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገሩን አወራኋት። «አሁኑኑ ሂድና ንገረው» አለች። ቴርሚን አለኝ አልኳት። «ያመመህ ዓይንህ ነው ወይስ አፍህ?» አለችኝ።

ሐሙስ

በሩ ላይ ሜሮን አገኘችኝ። ሪድበርግ ባለው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማር፣ የቤቱ ተማሪዎች ተጠሪ ናት። ጨዋ ልጅ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ዶክተር ሰለሞን ጋሼ አበራ ይለቃሉ አሉን፣ መቼ ነው የሚወጡት? አዲሱ ተማሪ አልጋ ሊገዛ ክፍሉን መለካት ይፈልጋል። እሳቸውን መጠየቅ ከብዶኝ ነው» አለችኝ።

«አትጠይቂያቸው» አልኳት። «እንዲነሳባቸው አይፈልጉም። ለሌሎቹም ንገሪያቸው።»

«ገባኝ» አለች። ለአንድ ሽማግሌ ስሜት በመጠንቀቋ ደስ ያላት ትመስል ነበር። ሊነግሩት ይችሉ የነበሩትን ሰዎች በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝም አሰኘኋቸው።

አበራ ክፍሉን ቀብቶ ጨርሷል። አልጋው ከግድግዳው ተስቦ ክፍሉ መሃል ነው። ምስር ወጥ ሠርቶ ነበር፣ አብረን በላን።

«ሰለሞን ደውሎ ሱፍ ልበስ አለኝ» አለ እያፈረ። «ስሜን ሊጠሩ ነው መሰለኝ። ሊሸልሙኝ ይሆን?»

ሱፉን ከቁምሳጥን አውጥቶ አሳየኝ። ጥቁር ነው፣ ለሚስቱ ቀብር የለበሰው። ደረቱ ላይ ለክቶ ቆመና አየኝ።

«ያምርብሃል» አልኩት።

ዓርብ

ለሰለሞን ሁለት ጊዜ ደወልኩ። በሁለተኛው አነሳ። ነገ አበራን መድረክ ላይ ባታነሳው ይሻላል አልኩት።

«ለምን? በጎ ነገር ነው የምናገረው። ንግግሩም ተጽፎ አልቋል።»

«ገና አልነገርኩትም» ማለት ነበረብኝ። ይኸው፣ እዚህ ስጽፈው ሁለት ቃል ነው። ስልኩ ላይ ግን «እሺ፣ እንዳልክ» አልኩ።

ቅዳሜ

ቤቱ ሞላ። የምድር ቤቱ አዳራሽ መቀመጫ ጠፋ። ከሌላ ከተማ የመጡም ነበሩ። ሁሉም የደረጃውን ንጣት አደነቀ። አበራ ሱፉን ለብሶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

ሰለሞን ስለ ጣሪያው ተናገረ፣ ስለ መስኮቶቹ ተናገረ። ከዚያ «አቶ አበራ» አለ። አበራ ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈ። መንገዱን ጀምሯል፣ መሃል ደርሷል፣ ሰለሞን ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ፦ «በገዛ ፈቃዳቸው ክፍላቸውን ለተማሪ ለለቀቁልን፣ በዚህ ወር መጨረሻ ለምንሰናበታቸው።»

ጭብጨባ። አበራ እዚያው መሃል ቆመ። ያልሰማ መስሏቸው ሁለት ተማሪዎች ክንዱን ይዘው ወደ ፊት ወሰዱት። ስጦታ ሰጡት። የቤቱ ፎቶግራፍ ነው፣ መስታወት ባለው ፍሬም የገባ።

«አንድ ቃል፣ አበራ» ብሎ ሰለሞን ማይክራፎኑን አስጠጋለት።

አበራ በዓይኑ ፈለገኝ። አገኘኝም። ሳህኔን ማየት ጀመርኩ።

«አዎ» ሲል ሰማሁት። «ከጓደኛዬ ጋር ተነጋግረንበታል። ክፍሉ ተቀብቷል። ለሚገባው ልጅ ንጹሕ ነው።»

ይበልጥ አጨበጨቡ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ሰው ማለት እንዲህ ነው» አለች።

ምግቡ ሲያልቅ አበራ እንደ ልማዱ ተነስቶ ሳህን መሰብሰብ ጀመረ። ተው ያለው የለም። ኩሽና ድረስ ተከተልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ያጥባል።

«አበራ።»

«ፎጣውን አቀብለኝ» አለ። አቀበልኩት። እጁን ጠርጎ ቀጣዩን ሳህን አነሳ።

እሁድ

ጠዋት በመኪና ሄድኩ። አልማዝ አብሬህ አልሄድም አለች። አበራ ሁለት ሻንጣ አውርዶ በሩ ላይ ቆሟል። ወሩ እስኪያልቅ መቆየት ትችላለህ አልኩት። ፍሉግሃፈን አብሮት የሠራ ተስፋይ የሚባል ኤርትራዊ ሳሎኑ ውስጥ ሊያስተኛው እንደሆነ ነገረኝ። መኪናዬ ውስጥ አልገባም አለ። አንዱን ሻንጣ ይዤ እስከ ኤስባን ባቡር ጣቢያው ተከተልኩት።

«ማክሰኞ ልትነግረኝ ነበር የመጣኸው?» አለኝ ባቡር መጠበቂያው ላይ።

«አዎ።»

«ምን ከለከለህ?»

«ደስ ብሎህ ነበር።»

አሰበበት። «እሺ፣ ይሁን። ሐሙስስ?»

ሻንጣውን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩት።

«ሱፉን ሳሳይህ ያምርብሃል አልከኝ። እሱን ነው መረዳት ያቃተኝ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባቡሩ መጣ። ሻንጣውን ከእጄ ወሰደ። «እንዳትደውልልኝ» አለና ገባ።

ወደ ቤት ስመለስ ሰለሞን ደወለ። «ነገሩን በጥሩ ሁኔታ ነው የያዝከው፣ አየህ፣ ምንም ቅሬታ የለም» አለኝ። አመሰገንኩት። አልማዝ «አበራ ምን አለህ?» ስትለኝ «ደህና ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

አበራ ለማንም አልተናገረብኝም። ሌሊቱን ሙሉ ይናገርብኛል ብዬ ስፈራ ነበር። የባቡሩ በር ሲዘጋ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ እፍረትም አይደለም። እፎይታ ነው።