የሽኩር ቋጠሮ

ውድ ወንድሜ ሽኩር፣

የቢሾፍቱው ሎጅ ባለቤት የሸራ ጀልባውን መብራት እይልኝ ብሎ ጠራኝ። አዎ፣ ያንኑ ጀልባ። ባለፈው ዓመት እኔ ኤሌክትሪኩን፣ አንተ ገመዱንና ሸራውን የጠገንንለትን። “አንዴ ልሞክረው” ብለህ ሐይቁ ላይ ወጣህ፤ ጀልባው ባዶውን ተመለሰ።

ላልሄድ ነበር። ግን መብራቱ የእጄ ሥራ ነው፤ እልኸኛነቴን ታውቀዋለህ፣ ከአዳማ ተነሥቼ ሄድኩ።

ዘበኛው ኦቦ ምልኬሳ ጀልባው ያለበትን የቆርቆሮ መጠለያ ከፈቱልኝ። ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው አምፖል በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሏል። ባትሪውን ላነሣ ጎንበስ ብል ባትሪ የለም። ሽቦውን ቆረጥኩት፤ አልጠፋም። ያለ ባትሪ የሚሠራው ያንተ ምላስ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

ከዚያ ገመዱን አየሁ። የመቂ ሽንኩርት ጫኞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቋጠሮ እንዳላቸው፣ ጫኝ ሳለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ጭነቱ መንገድ ላይ ከተነካ በእሱ ይታወቃል። ይሄ ያንተ ነበር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተቀበረው። ፈታሁት። በማግስቱ ስመለስ ታስሯል።

“ኦቦ፣ ማነው ያሰረው?”

“ያ ዋቃ! ቁልፉ እኔ ጋ ነው ልጄ፤ ማንም አልገባም።”

ፈራሁ። ካንተ ይልቅ ግን እማዬን ፈራሁ። ሬሳህ ስላልተገኘ ለቅሶ አልቀመጥም ብላ፣ እራትህን ከድና ትጠብቅህ ነበር። ይህን ቋጠሮ ካየች “ልጄ አለ” እንዳለች በር በሩን ስታይ ዕድሜዋ ያልቃል። ሳታየው ልፈታው ስታገል፣ ወሬ መቼ ይደበቃል፣ ከአዳማ ድረስ መጥታ ከኋላዬ ቆማ አገኘኋት።

ዳበሰችው። “የልጄ እጅ ነው” አለች።

ቀጥላ ጣቶቿን አሸተተች። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል፣ መጠለያውም ደረቅ ነው። ገመዱ ግን ርሷል፤ የሐይቅ ጭቃ ይሸታል። እኔ እርጥበቱን በላቤ አሳብቤ ነበር።

ሳብ አደረገችው። ከወዲያ በኩል፣ ማንም ከሌለበት፣ መልሶ ተሳበ።

“ሽኩሬ” አለች፣ ስትቆጣህ እንደምታደርገው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “በቃ። ልቀቅ።”

ገመዱ እጇ ላይ ላላ። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ያን ሁሉ ጊዜ አልልም ያለችውን የሐዘን ቃል፣ “ኢንና ሊላሂ” አለች።

ይኸው ግቢያችን በለቅሶ ደራሽ ሞልቷል። ናፍቀኸኛል ሽኩር፣ በጣም። እማዬ ግን አልቅሳ፣ ገና ዛሬ እንቅልፍ ወስዷታል። እባክህ ወንድሜ፣ እንዳትመጣ።

እህትህ ሳፊያ