«ጠጥቻለሁ» ቢልህ አትመነው

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኡሙሮ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳልህ ተወህ ወይስ አሁንም ጎረቤቱን ሁሉ ታስነሳለህ? የእናታችን ጉልበትስ እንዴት ነው? ግመሎቹ ወለዱ? እዚያ አገራችን ኖርዝ ሆር ላይ ዝናብ ጣለ ወይስ ደመናው እንደ ልማዱ አታሎ ሄደ? እኔ ደህና ነኝ። ሞምባሳ ሙቀቱ አያስቀምጥም እንጂ ውሃ ሞልቷል፤ ቧንቧ በከፈትኩ ቁጥር ግን አባባ ትዝ ይለኛል።

መንጃ ፈቃድ ማውጣትህን፣ በሚመጣው ሳምንትም እንግዶች ይዘህ ቻልቢ በረሃን አቋርጠህ ወደ ሐይቁ እንደምትሄድ ሰማሁ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። በስልክ እንዳልነግርህ እናታችን ድምፁን ከፍ አስደርጋ አጠገብህ ቁጭ ትላለች። ለዚህ ነው በቦናያ የጭነት መኪና ደብዳቤ የላክሁልህ። መጀመሪያ ብቻህን አንብበው።

አሸዋ ከመግባትህ በፊት የጎማውን ነፋስ ቀንስ። ሲይዝህ ነዳጅ እየሰጠህ ጉድጓድ አትቆፍር፤ ውረድና በአካፋ ጥረግ። ጨው ሜዳው ላይ የትናንት ዱካ አየሁ ብለህ አትግባ፤ ተራራው ላይ ከዘነበ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ነው። ስትነሳ በየት እንደምትሄድና መቼ እንደምትደርስ ለሁለት ሰው ንገር። መኪናው ከቆመብህ ጥላውን ይዘህ ተቀመጥ። በእግሬ እደርሳለሁ የሚል ጀግና እንግዳ ካጋጠመህ ጫማውን ቀማው! ጀሪካኖቹን ደግሞ እያንዳንዱን በጆንያ ጠቅልለህ እሰር። እኔ አልጠቀለልኳቸውም።

ያን ጊዜ ከአባባ ጋር ቻልቢን ስናቋርጥ ውሃውን የጫንኩት እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ጀሪካኖች ከክሪኩ ጋር ሲፋተጉ ውለው ተቀድደዋል፤ ያወቅነው ጭቃው ውስጥ ከተቀረቀርን በኋላ ነው። የቀረን አንዱ ጀሪካን ነበር፣ እሱም ሩቡ ብቻ። እኛ ደግሞ አራት ነን፤ እኔ፣ አባባ፣ ባልና ሚስት ነጭ እንግዶች። አባባ በሻይ ብርጭቆ እየለካ ያድለን ጀመር።

ለእናታችን «እንግዶቹ ውሃውን ጨረሱት፣ አባባ እንግዳ ይቅደም እያለ ሳይጠጣ ሞተ» ብዬ ነበር የነገርኳት። ውሸቴን ነው፣ ኡሙሮ። እንግዶቹ ከድርሻቸው ጠብታ አላለፉም። አባባ የራሱን ብርጭቆ የሚሰጠው ለኔ ነበር። «አንተስ?» ስለው «እኔ ቀድሜ ጠጥቻለሁ። ደግሞ እኔ በግመል ወተት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንዳንተ በሻይ ያደግሁ መሰለህ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እያየሁት አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነው፤ ጠምቶኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው ጥላ ሥር ወደቀ። ሴትየዋ የራሷን የመጨረሻ ብርጭቆ ከንፈሩ ላይ እያንጠባጠበች አለቀሰች፤ አልወረደለትም። የግመል እረኞች የደረሱልን በማግስቱ ነው።

እንግዲህ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን አትርሳብኝ፤ ሰው «ጠጥቻለሁ» ቢልህ፣ ፊትህ ካልጠጣ አትመነው። አንተም የራስህን ድርሻ ለማንም አትስጥ። አንተ ከወደቅህ እነሱን ማን ያወጣቸዋል?

ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ እናታችን ነጭ እንግዳ ስታይ በሯን ትዘጋለች፣ ውሃ ሲለምኗትም የለም ትላለች። እሷ እንዲህ አልነበረችም። ያደረግኋት እኔ ነኝ። እስካሁን ቤት ያልመጣሁትም ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ነው።

እህታችንን ዳርሚን፣ ባሏን ሶራን፣ ያቺን ወሬኛ ልጃቸውን ቃበሌን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ለእናታችን ግን ሰላምታዬን ቶሎ እንዳትሰጣት። ከጉዞህ በደህና ስትመለስ አጠገቧ ተቀመጥና መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ አንብብላት። ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን ከተቀበለችኝ ጻፍልኝ፤ እመጣለሁ።

ወንድምህ ያታኒ
ሞምባሳ፣ የካቲት 11 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.